ይርገዱ አጣቢዋና የዶቶሬው ባቄላ

በዚያ ማክሰኞ ጧት፣ መተማ ገበያ ዳር ካለው ትልቅ የሮቃ ዛፍ ሥር የነበሩት እነዚህ ናቸው።

ጭቃ ሹሙ አቶ አያልነህ ግንዱን ተደግፈው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። በቀኛቸው ቄስ ተድላ መቋሚያቸውን ይዘው ቆመዋል፤ በርጩማ ቀርቦላቸው ነበር፣ መቀመጡን አልፈለጉም፤ ምክንያቱን ሁሉም ስለሚያውቅ የጠየቃቸው የለም። በግራ በኩል የጣሊያኑ ሐኪም አስተርጓሚ አንድ እግሩን ከዛፉ ሥር ላይ ሰቅሎ ቆሟል፤ ሐኪሙ ራሱ አልመጣም። ወንዶቹ ጥላው ውስጥ ናቸው። ሴቶቹ ጥላው የሚያልቅበት ላይ በሁለት ረድፍ ተሰልፈዋል። ሆዳቸው ገና ያልረጋላቸው ሰባት ስምንት ሰዎች ከሁሉም ርቀው ቁጥቋጦው አጠገብ ናቸው፤ ጭቃ ሹሙ "ቅረቡ እንጂ" ቢሏቸው "እዚሁ ይሻለናል" አሉ፤ ተፈቀደላቸው። አባቴ ከወንዶቹ ፊት ነው፤ ከስቅለት ወዲህ ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚቆመው። እናቴ ከሴቶቹ በሁለተኛው ረድፍ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛለች። እኔ ከጎኗ ነኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ይርገዱ አጣቢዋ መሀል ላይ ቆማለች፣ ፀሐይ ላይ። ጥላው ይበቃ ነበር፤ ጠጋ ያለላት ግን የለም።

ጣሊያን መተማ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ቀኑ የፋሲካ ሳምንት ማክሰኞ፣ ጉዳዩ ደግሞ ባቄላ ነበር።

ይርገዱ ገዳሪፍ እንደሞተች የሰማሁት ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ሰሊጥ ከሚያመላልስ ሾፌር ነው። እኔ ያን ጊዜ ጎንደር ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ይዣለሁ፤ እናቴም እኔ ዘንድ ነበረች። ነገርኳት። በእጇ ያለውን ልብስ አጥፋ ጨረሰች፣ ከሌላው ላይ ደረበችው፣ ከዚያ "ነፍሷን ይማር" አለች። ከእናቴ አፍ ስለ ይርገዱ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው።

አሁን እንድጽፍ ያደረገኝ ፋርማሲ የምትሠራው የወንድሜ ልጅ ናት። ባለፈው በጋ ለአንዲት ጓደኛዋ እናት የያዘችውን ትንሽ ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ጠርሙሱ ላይ የባቄላ ሥዕል አለ። አወቅሁት።

"ምንድን ነው ይሄ?" አልኳት።

"ከሶያ የተወሰደ ነው፣ እትዬ። ሴቶች ልማዳቸው ሲቋረጥ ለሚነሳባቸው ትኩሳት ነው። ባቄላው ውስጥ ያለው ነገር የሴት ገላ ራሱ ከሚሠራው ነገር ጋር ትንሽ ይመሳሰላል።"

"ይሠራል?"

"ለአንዳንዷ ይረዳል፣ ለአንዳንዷ ምንም አያደርግም። ለአጥንትም ለልብም ሳይጠቅም አይቀርም የሚሉ አሉ። ሐኪሞቹ ገና አልተስማሙም።"

የኛዋ ይርገዱ "ሳይጠቅም አይቀርም" የሚባል ቃል አልነበራትም። እሷ ዘንድ ነገር ወይ ያድናል ወይ አያድንም፤ የሚያድነውንም የምታውቀው እሷ ናት።

ከአቸፈር የመጣች ረጅም፣ ቀጭን ሴት ነበረች። ክርኗ ድረስ እጇ ከሳሙና ብዛት ነጥቶ ከሌላው ገላዋ ተለይቶ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር። የጣሊያኖቹ ሐኪም ቤት ልብስ አጣቢ ናት። አንድ እጅጌ የሌለው የሐኪም ነጭ ካፖርት ሰጥተዋት ከዚያ ወዲህ አውልቃው አታውቅም። እጅጌውን ምን አገኘው ሲሏት "በሽተኛ ይዞት ሄደ" ትላለች፤ ከዚያ በላይ አታብራራም። በካፖርቱ ኪስ ደግሞ የተሰነጠቀ ቴርሞሜትር አለ። ውስጡ ያለው ብር የመሰለ ነገር ፈስሶ ካለቀ ቆይቷል። ያመመው ሰው ብብት ውስጥ ትሰካለች፣ ትቆያለች፣ ታወጣለች፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ወደ ፀሐይ ታየዋለች።

"ስንት አለ?" ይሏታል።

"እሱ ገብቶታል። ላንቺ ምን ያደርግልሻል?"

ሴቶቹ ይስቁባታል፤ ግን ብብታቸውን ይሰጧታል።

ስለ ሐኪሙም አንድ አባባል ነበራት፤ በየነገሩ መሀል ትከተው ነበር። "ዶቶሬ ያውቃል፤ ግን አልገባውም።" ይህን የምትለው የሐኪሙን ሱሪ ድንጋይ ላይ እየቀጠቀጠች ነው።

ያ ሐኪም አራት ጆንያ ባቄላ ካገሩ አስመጥቶ ነበር። በጥምቀት ሰሞን ገበያ መሀል ቆሞ አስነገረ። እሱ ሁለት ሦስት ቃል ሲናገር አስተርጓሚው ረጅም ነገር ያወጣበታል።

"ይህ ሶያ ይባላል። ሥጋን ይተካል። ወተትን ይተካል። ደም ያጠራል፣ አጥንት ያጠነክራል፣ ልብ ያበረታል። ክረምት ሲገባ ከሰሊጡ ጎን ትዘሩታላችሁ። እስከዚያ የፈለገ አብስሎ ይቅመሰው።"

አንድ የሽንፋ ገበሬ እጁን አነሳ። "ጌታው፣ ሥጋን የሚተካ ከሆነ ዶክተሩ የኛን ፍየሎች ለምን ያሳርዳሉ?"

ይህን አስተርጓሚው አልተረጎመውም።

ለየቤቱ አንድ አንድ ቁና ታደለ። ሰው እምቢ ማለት ስለሚፈራ ተቀበለ፤ ተቀብሎም ጓዳ ጥግ አስቀመጠው። ጎረቤታችን ለዶሮዎቿ በተነችላቸው፤ ዶሮዎቹ መጥተው አይተውት ተመለሱ። ሐኪም ቤቱ ወጥ ቤት ግን ባቄላው በየቀኑ እየተቀቀለ ለበሽተኞች ይቀርብ ነበር፤ ከእኛ ድርሻ ብዙ ወር ቀድሞ ነው የተጀመረው። በሽተኞቹ አይበሉትም። የተረፈውን የምትበላው ይርገዱ ናት፤ ስለወደደችው አይደለም፣ ስለተረፈ ነው።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ፤ ነገሩ የሚመጣው ወደ እሷ ነውና።

በመተማ የሚያልበው ሰው ሁሉ ንዳድ አለበት ይባላል፤ የማያልበው ደግሞ ሞቷል። ስለዚህ እናቴን በዚያ ዓመት ከአንገቷ የሚነሳ እሳት ድንገት ሲያጥለቀልቃትና ሲለቃት፣ ፊቷ ሲቀላና ልብሷ ሲርስ፣ ንዳድ ነው ተባለ። መራራውን ኪኒን ዋጠች፤ ጆሮዋ ጮኸ፣ ላቡ አልቀረም። ጠበል ተወሰደች፤ በጠበሉ ውስጥ እንኳ አላባት። እንቅልፍ የላትም። የያዘችው ይወድቃል፣ የተነገራት ይረሳታል።

አባቴ የሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ ነገር ቶሎ የሚቆርጥ ሰው ነበር። "ቆላው አልተስማማትም" አለ። "ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ጭልጋ ወንድሞቿ ዘንድ ትውጣ። ልጅቷ እዚህ ትቅር።"

"ቤቱን ማን ይይዘዋል?" አለች እናቴ።

"ሰው አይጠፋም።"

ያልጠፋችው ሰው የምትኖረው ሽንፋ ነበር፤ ባሏ የሞተባት ልጅ እግር ሴት ናት። አባቴ በዚያ ወር አራት ጊዜ ሽንፋ ሄዷል፤ ሰሊጥ ልገዛ ነው ብሎ። በዚያ ወቅት በመላው ቆላ ለገበያ የቀረ ሰሊጥ እንደሌለ እኔም እንኳ አውቅ ነበር። እናቴም ታውቃለች። ጭልጋ የወጣች ሴት እንደማትመለስም ታውቃለች። እሷ ከሄደች እኔ ለሽንፋይቱ ሴት ውሃ ቀጂ እሆናለሁ። ይህን ሁለታችንም ሳንነጋገር ተግባብተናል።

ልብሷን ጧት ጧት ወንዝ ወርዳ ታጥባለች። ይርገዱም የሐኪም ቤቱን አንሶላ ይዛ እዚያው ትመጣለች። አንድ ቀን አጠገባችን ቁጢጥ አለች።

"አንቺ፣ ይህን ቀሚስ ትናንትም አጥበሽዋል።"

እናቴ የነጋዴ ሚስት ናት፤ "አንቺ" የሚላት ብዙ ሰው የለም። ይርገዱ ግን ውሃ ዳር ማንንም አንቱ አትልም ነበር፤ የሁሉም እድፍ አንድ ነው ትላለች።

"አቧራ ነው" አለች እናቴ።

"አቧራ ካንገትና ከጡት ሥር መርጦ አይቀመጥም።" ቀሚሱን አንስታ አሸተተችው። እናቴ ልትቀማት እጇን ብትዘረጋ ወደ ኋላ አራቀችው። "የንዳድ ላብ ይከረፋል። እኔ በቀን ሃያ አንሶላ አጥባለሁ፣ አውቀዋለሁ። ይሄ ውሃ ነው። ልማድሽ ከተቋረጠ ስንት ጊዜው ነው?"

እናቴ ወደ እኔ አየች። "ልጅ ትሰማለች።"

"ትስማ። እሷም ነገ ሴት ናት።"

እናቴ ቀሚሱን ነጥቃ ውሃ ውስጥ ነከረችው፤ ይርገዱ ግን ቀጠለች። እሷም እንዲሁ ስትቃጠል ከርማ እንደነበር፣ የሐኪም ቤቱን ትራፊ ባቄላ መብላት ከጀመረች በሦስተኛው ወር ግን እንደተዋት ነገረቻት።

"ዶቶሬው አዞልሽ ነው?"

"እሱ ምን ያዛል? ለአጥንት ነው ይላል። ዶቶሬ ያውቃል፤ ግን አልገባውም።" ከዚያ ጣቷን ቀሰረች። "ስሚኝ። ማታ ትዘፈዝፊዋለሽ። ጧት ልጣጩን ገፍፈሽ፣ ውሃውን ደፍተሽ፣ በአዲስ ውሃ እስከ ቀትር ታፈይዋለሽ። በጥፍርሽ ስትይዢው ቅቤ ካልሆነ አልበሰለም። በቀን አንድ እፍኝ። ጥሬውን እንዳትቀምሺው፣ ሆድሽን ይገለብጠዋል።"

እናቴ አላመነቻትም፤ ግን ቀኖቹ እያለቁ ነበር። በማግስቱ ጓዳ ያለው ቁና ተነሳ። አባቴ "ይህ የሚፈላው ምንድን ነው?" ሲል እኔ "ባቄላ" አልኩ። ውሸት አልነበረም።

ጾሙ ሲገባ ነገሩ ቀለለ፤ በጾም ንፍሮ የሚበላ ቤት ማንም አይጠረጥርም። በደብረ ዘይት ሰሞን የጧቱ አጠባ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሆነ። ከዚያም ቀረ። እናቴ ተኝታ ማደር ጀመረች፣ ዕቃም ከእጇ መውደቁን ተወ። ባቄላው ይሁን፣ ጊዜው ደርሶ ለቅቋት ይሁን፣ ዛሬም አላውቅም፤ የወንድሜ ልጅም አታውቅም። አባቴ ግን ወዲያው ነው ያወቀው፤ ለቅዱስ ዮሐንስ ጥላ ተስሎ ስለነበር "ስለቴ ደረሰ" አለ። ለጭልጋ ወንድሞቿ ተዉት ብሎ ላከባቸው። የሽንፋው የሰሊጥ ግዢም ቀረ።

ይርገዱ በዚህ ብታበቃ ዛሬ የሚያስታውሳት አይኖርም ነበር። ግን ባቄላውን ለሌሎችም ነገረች። ለሴቶቹ ሁሉ የነገረቻቸው ለእናቴ የነገረቻትን ነው፤ ዘፍዝፉ፣ ግፈፉ፣ አፍሉ፣ አንድ እፍኝ ብሉ።

ሳቁባት። "ንፍሮ ነው መድኃኒቱ?" አሉ። ያገራችን ሰው መድኃኒት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ኮሶ ጠጥቶ ነው ያደገው። መድኃኒት በባዶ ሆድ ይጠጣል፣ ፊት ያጨማድዳል፣ ከዚያ ሮጦ ጫካ ያስገባል። ጫካ ያላስገባ ነገር ምግብ ነው፤ ምግብ ደግሞ አያድንም። ስለዚህ ባቄላውን እንደሚያውቁት አደረጉት፤ እንደ ሱፍ ለብ ለብ አድርገው፣ ወቅጠው፣ ጨምቀው፣ ነጭ ውሃውን ጠጡት። ጥሬ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው ቀን ጫካው ሞላ።

እንዴት እንደተደሰቱ ልነግራችሁ አልችልም። "ይዞኛል" ይባባላሉ። ጎረቤታችን ግድግዳ ተደግፋ፣ ከንፈሯ ነጥቶ፣ "እንዲህ ያለ መድኃኒት አይቼ አላውቅም" አለች። ወሬው ሽንፋም ገለጉም ደረሰ። ለትኩሳት የተባለው ለወገብም፣ ለመካንነትም፣ ለዓይንም ሆነ። ወንዶችም ጀመሩ። ለዘር የታደለው ቁና ክረምቱን ሳያይ በየቤቱ ወደ ማለቁ ደረሰ፤ ሐኪሙም በተሰጠው ባቄላ ሕዝቡ መደሰቱን ሰምቶ ተደሰተ አሉ።

ከሁሉ ይልቅ የተለወጠው የይርገዱ ስም ነው። "ይርገዱ አጣቢዋ" ቀርቶ "እመት ይርገዱ" ሆነ። ትላልቅ ሴቶች አንቱ አሏት። ወንዝ ስትወርድ ጠፍጣፋው ድንጋይ ይለቀቅላታል።

አንድ ከሰዓት እናቴ ልካኝ ጎጆዋ ሄድኩ። አምስት ሴቶች ደጇ ላይ ተቀምጠዋል።

"እኔ ትናንት ስምንት ጊዜ ወጣሁ" አለች አንዷ።

"እኔ አሥራ አንድ" አለች ሌላዋ፣ በኩራት።

ሦስተኛዋ አንገቷን ደፋች። "እኔ ሦስት ብቻ ነኝ። እመት ይርገዱ፣ ምን በድዬ ይሆን?"

ይርገዱ አፏን ከፈተች። ምን ልትል እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ ለእናቴ የነገረቻትን ልትል ነው። ሴቶቹ ዓይን ዓይኗን ያዩዋታል። ቴርሞሜትሩን ከኪሷ አወጣች፣ ወደ ፀሐይ አየችው፣ መልሳ ከተተችው።

"አይዞሽ። ነገ ይይዝሻል" አለች።

እኔን ስትሸኝ እስከ አጥሩ ድረስ መጣችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ለናትሽ ንገሪያት። እነዚህን እንዳትሰማ። ታፍላው።"

የሕማማት ሳምንት መጣ። ዓርብ ስቅለት ከጧት እስከ ሠርክ ይሰገዳል፤ በመተማ ሙቀት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ሁሉ የአስተርጓሚውን ቃል አስታወሰ፤ አጥንት ያጠነክራል፣ ልብ ያበረታል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ቄስ ተድላ ከሁሉ አስቀድመው አስታወሱ። ስለዚህ ጸሎተ ሐሙስ ማታ በየቤቱ ጉልባን ከተበላ በኋላ፣ ሌሊቱን ጠርጎን ያድራል፣ ለነገው ስግደት ያበረታናል ብሎ ያልጠጣ የለም። ቄስ ተድላ "ልባርከው" ብለው አንድ ዋንጫ አስመጡ፤ ሲባርኩት አለቀና ሌላ ተቀዳላቸው።

እኛ ቤት ግን የተጠጣ ነገር አልነበረም። እናቴ ጉልባኑ ውስጥ ከስንዴው ጋር በደንብ የበሰለ የዶቶሬው ባቄላ ጨምራበታለች። አባቴ ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

ዓርብ ጧት ስግደቱ ሲጀመር ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ሙሉ ነው። ጥቂት እንደተሰገደ የኋላው ረድፍ ሳሳ። ከዚያ የመሀሉ። ጎንበስ ያለ ሰው ቀና ሳይል በዚያው ወደ አጥሩ ይሮጣል። ዲያቆኑ መጽሐፉን ክፍቱን ትቶ ሄደ። ቄስ ተድላ ብዙ ታገሡ፣ ይህን አልክድም። መቋሚያቸው ላይ ተንጠልጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዜማውን እያፈጠኑ እያፈጠኑ ሄዱና፣ በመካከሉ ካባቸውን ሰብስበው በምሥራቁ በር ወጡ። ጫካው ውስጥ ዜማው ለትንሽ ጊዜ ቀጥሏል።

እስከ ሠርክ ሳይናወጡ የሰገዱት ጥቂት ናቸው፤ ከነሱ አንዱ አባቴ ነው። ቀና ሲል ዞር ዞር ብሎ የቀረውን ሰው አየ። በዚያ ቀን የተነፋው ደረቱ ማክሰኞም አልተመለሰም።

ሮቃው ሥር እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዘን ነው የቆምነው።

"መርዝ ናት" አሉ ቄስ ተድላ። "በጌታ ሞት ቀን ምእመናንን በተነች።"

"እናንተስ ምን ትላላችሁ?" አሉ ጭቃ ሹሙ ወደ አስተርጓሚው ዞረው።

"ዶክተሩ ሴትዮዋን በልብስ አጣቢነት እንጂ በሌላ አያውቋትም። ባቄላው ለዘርና ለመብል ነው የተሰጠው። በስሕተት ለጠጣ መንግሥት አይጠየቅም።"

"አንቺ፣ ምን ትያለሽ?" አሏት። እመት ማለቱ ዓርብ ዕለት ቀርቷል።

"አፍሉት ብዬ ነበር" አለች ይርገዱ።

"መቼ?" አሉ ቄስ ተድላ።

"መጀመሪያ።"

"ኋላስ?"

"ኋላ ዝም አልኩ።"

"ለምን ዝም አልሽ?"

ይርገዱ የነጣ እጇን አየች። "አንቱ አላችሁኝ" አለች።

ከቁጥቋጦው በኩል የሆነ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሄደ። ሌላ የሳቀ የለም።

አባቴ ሳይጠየቅ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። "የዚህች ሴት ባቄላ እኔ ቤት ዝር ብሎ አያውቅም። ዓርብ ማን ቆሞ እንደዋለ ሰው ይመስክር።"

"እውነት ነው" አለች ይርገዱ። "ጌታው ሲሰግዱ አይቻለሁ። ጉልበታቸው ደህና ነው።"

አባቴ ራሱን ነቀነቀላት፤ ምስክርነቷን ወደደው።

አቶ አያልነህ ነገር ማክረር የማይወዱ ሰው ነበሩ። ወንዶቹንም ሴቶቹንም በዓይናቸው ዞሩ። "አንድ ነገር ልጠይቅ። ባቄላውን እንዳለችው አፍልቶ በልቶ የተጠቀመ አለ? አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ ይውጣና ይናገር። ከተገኘ ትቀመጣለች፣ ጥፋቱ የጠጣው ሰው ነው። ካልተገኘ ዛሬ ገበያው ሳይሞላ ካገር ትውጣ።"

እናቴ እጄን ያዘች። አጥብቃ ነው የያዘችው። በዚያ ሐሩር፣ በዚያ ሰው መሀል፣ መዳፏ ደረቅ ነበር።

አባቴ ከፊታችን አሥር እርምጃ ያህል ነው። አንድ ቃል ብትናገር ልማዷ መቆሙ፣ ስለቱ አለመድረሱ፣ ጉልባኑ ውስጥ ምን እንደነበር በገበያ መሀል ሊሰማ ነው። የሽንፋ መንገድም እዚያው አለ። ነጠላዋን ከጥርሷ አላወጣችም። እኔም አፍ ነበረኝ፤ አልከፈትኩትም።

ይርገዱ የሴቶቹን ረድፍ ከዳር እስከ ዳር አየች። ዓይኗ እናቴ ላይ ሲደርስ አልቆመም፤ በሌሎቹ ላይ እንዳለፈ አለፈ።

"አንቺስ የምትጠሪው ምስክር የለሽም?" አሉ ጭቃ ሹሙ።

"እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ፣ ጌታዬ" አለች። "አጥባለሁ፣ አጥፌ እመልሳለሁ። የማን እንደሆነ ገበያ ላይ አልናገርም።"

ጭቃ ሹሙ ከበርጩማቸው ተነሡ።

"እንግዲያ ትውጣ" አሉ።

ይርገዱ ካፖርቱን አወለቀች። ክንዷ ላይ ዘርግታ እጥፋቱን አስተካከለች፣ የቀረውን አንድ እጅጌ ወደ ውስጥ መለሰች፣ አራት አድርጋ አጠፈችውና ለአስተርጓሚው ሰጠችው።

"ለዶቶሬ ስጠው። ታጥቧል።"

ቴርሞሜትሩን አልሰጠችውም። በሴቶቹ ረድፍ ፊት አልፋ፣ የድንበሩን ደረቅ ወንዝ ተሻግራ፣ ማዶ ወዳለው ወደ ገላባት ሄደች።